በጣም ከፍ ያለ ገቢ ያላቸው ሰዎች እዚያ የደረሱት በምንድን ነው?

ታታሪው

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ብቻ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ።

ሥራ ከጀመርኩ 9 ዓመቴ ነው። ሁሉንም ያሳለፍኩት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ሥራዬ የመረጃ ትንተና ነው። ከማንም ቀድሜ እገባለሁ፣ ከማንም በኋላ እወጣለሁ። አለቆቼ ያመሰግኑኛል። ደመወዜም በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል።

ባለፈው ሳምንት ከእኔ ጋር በአንድ ቀን የተቀጠረ፣ ከ4 ዓመት በፊት የለቀቀ ጓደኛዬን አገኘሁት። ስናወራ አሁን የሚያገኘው የእኔን አራት እጥፍ መሆኑን ነገረኝ። ሊኩራራብኝ ፈልጎ አይደለም፤ እኔው ነኝ አጥብቄ የጠየቅኩት። ጎበዝ ልጅ ነው። ግን የእኔን አራት እጥፍ አይጎብዝም። ይህን ደግሞ ራሱ ነው ያለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፌ ተበላሸ። የምፈልገው ነገሩን መረዳት ነው። እንዲህ ዓይነት ገቢ የሚያገኙ ሰዎች እንዴት ነው እዚያ የሚደርሱት? «ጠንክረህ ሥራ» እንዳትሉኝ፤ እሱን 9 ዓመት ሞክሬዋለሁ። በቅርብ የምታውቁ ካላችሁ በደንብ አስረዱኝ።

---

ቁጥር ወዳድ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ በጣም የቆየ ነው። አዳም ስሚዝ በ1776 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ደመወዝ ከሥራ ሥራ የሚለያይበትን 5 ምክንያት አስቀምጦ ነበር። ሥራው ደስ የሚል ነው ወይስ የሚያስጠላ? ለመማር ቀላል ነው ወይስ ከባድና ውድ? ዓመቱን ሙሉ ይገኛል ወይስ ይቆራረጣል? በሠራተኛው ላይ ምን ያህል እምነት ይጣላል? በሙያው የመሳካት ዕድሉስ ምን ያህል ነው? ወደ 250 ዓመት ሆኖትም ይሠራል። ብዙ ሰዓት መሥራት ግን ከአምስቱ ውስጥ የለም። ለአንተ ጥያቄ ትልቁ ነገር ይሄ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ነገር ከስሚዝ በኋላ የመጣ ነው። የኢኮኖሚ ምሁሩ አልፍሬድ ማርሻል ስለ ዘፋኞች ገቢ ሲያነሳ፣ የሰው ድምፅ የሚደርሰው ሰው ቁጥር የተወሰነ ነው ብሎ ነበር። አዳራሹ ሲሞላ ገቢውም ይሞላል፣ በቃ። ከዚያ ሸክላ መጣ፣ ሬዲዮ መጣ፣ ኢንተርኔት መጣ። ሸርዊን ሮዘን የሚባል የኢኮኖሚ ምሁር በ1981 ነገሩን በሒሳብ አሳየው። አንዴ የተሠራ ሥራ ያለ ብዙ ተጨማሪ ወጪ ለሚሊዮኖች መድረስ ከቻለ፣ ሁሉም ሰው ከሁለተኛው ይልቅ አንደኛውን ይመርጣል። ስለዚህ የችሎታው ልዩነት ትንሽ ሆኖ የገቢው ልዩነት ሰማይና ምድር ይሆናል። ጓደኛህ አራት እጥፍ ጎበዝ ሳይሆን አራት እጥፍ ሊያገኝ የሚችለው ለዚህ ነው።

ፀጉር አስተካካይ የቱንም ያህል ቢችልበት በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ራስ ነው። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ደግሞ ተኝቶም ፕሮግራሙ ይሠራል። የሚበልጠው በጥረት አይደለም፤ በሥራው ጠባይ ነው።

እስቲ ልጠይቅህ። አንተ የምትጽፈው ትንተና ማን ዘንድ ይደርሳል? ምን ያህል ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ውሳኔ ላይ ነው የሚያርፈው?

---

ታታሪው

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። በየወሩ ወደ 40 ገጽ ሪፖርት እጽፋለሁ። እውነቱን ለመናገር ከሦስት ሰው በላይ የሚያነበው አይመስለኝም። ውሳኔው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሪፖርቱ ሳይደርስ ያልቃል።

---

ሻጭ ነኝ

ታታሪው፣ መልሱን ራስህ ጻፍከው እኮ!

እኔ ለትልልቅ ድርጅቶች ሶፍትዌር እሸጣለሁ። ከዚያ በፊት እዚያው ድርጅት ውስጥ የደንበኞች ድጋፍ ክፍል ነበርኩ። የማውቀው ዕቃ ያው፣ የማናግረው ደንበኛ ያው። ወደ ሽያጭ በተዛወርኩ በሁለተኛው ዓመት ገቢዬ ሦስት እጥፍ ሆነ። ድርጅት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። ሥራው በገቢ በኩል የሚታይ አለ፣ በወጪ በኩል የሚታይ አለ። ችሎታቸው እኩል ሊሆን ይችላል። ጭማሪ ሲታሰብ ግን የመጀመሪያው «ስንት አመጣ?» ይባላል፤ ሁለተኛው «ስንት ያስወጣናል?»።

በእኛ ሥራ ብዙ ጊዜ ውሉ ግማሽ ደመወዝ፣ ግማሽ ኮሚሽን ነው። ኮታህን፣ ማለትም እንድትሸጥ የተመደበልህን መጠን፣ ከሞላህ ሙሉውን ታገኛለህ። ካለፍክ ደግሞ ኮሚሽኑ ከፍ እያለ የሚሄድበት ውል አለ። ጣሪያ የሌለው ክፍያ ማለት እሱ ነው።

ወለል የሌለው መሆኑንም ልንገርህ። በሦስተኛው ዓመቴ ስድስት ወር ሙሉ አንድም ውል አልዘጋሁም። የቤት ኪራይ ከቁጠባ ነበር የምከፍለው። ለባለቤቴ መንገር አፍሬ ሁለት ወር ደብቄያት ነበር። እሷ ስታውቅ የተናደደችው ገንዘቡ በመጥፋቱ ሳይሆን በመደበቄ ነው። ይህን የጻፍኩት ወደ ሽያጭ ግባ የሚል ሁሉ የማይነግርህ ስለሆነ ነው።

---

ጡረተኛው

ልጄ ታታሪው፣ 30 ዓመት ገደማ በሰው ኃይል አስተዳደር ሠርቻለሁ። ደመወዝ የሚወሰንበት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ብዙ አይቻለሁ። በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚሆነውን ልንገርህ።

በዓመቱ መጨረሻ ለጭማሪ የሚሆን ገንዘብ ይመደባል። ከጠቅላላው ደመወዝ 3 በመቶ ነው እንበል። ኃላፊው ያችን ለሰዎቹ ያከፋፍላል። በጣም ጎበዙ 5 ያገኛል፣ ደካማው 1፣ ሌላው መሐል ላይ። አለቃህ ቢወድህም፣ ቢያከብርህም፣ ከዚያች ኩሬ ውጪ የሚቀዳበት የለውም። በዓመት 3 በመቶ እየጨመርክ ደመወዝህ እጥፍ ለመሆን 24 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በዓመት 15 በመቶ ብታድግ ግን በ10 ዓመት አራት እጥፍ ትሆናለህ። የጓደኛህን አራት እጥፍ ስሰማ የመጣልኝ ሒሳብ ይሄ ነው።

አዲስ ሰው ሲቀጠር ደግሞ ገንዘቡ ከሌላ ኪስ ነው የሚወጣው። እዚያ የሚጠየቀው «ገበያው ስንት ይላል?» ነው። ስለዚህ ለስምንት ዓመት የቆየው ሰው ካለው በላይ ለአዲስ ገቢ ስንከፍል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ፊርማዬም አለበት።

ይህ የእኔ ታዛቢነት ብቻ አይደለም። ሮበርት ቶፔል እና ማይክል ዋርድ በ1992 ያወጡት የአሜሪካ ወጣት ወንዶች ጥናት አለ። አንድ ሰው ሥራ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት በአማካይ 7 ሥራ ይይዛል። በዚያ ዘመን ከሚያገኘው የደመወዝ ዕድገት ቢያንስ ሲሶው የሚመጣው ሥራ በቀየረበት ቅጽበት ነው።

አንድ የሚቆጨኝን ነገር ልጨምር። በጣም ጎበዝ፣ ዝምተኛ የሆነች ልጅ ነበረች። አንድም ቀን ጭማሪ ጠይቃ አታውቅም። እኛም ስላልጠየቀች ዝም አልን። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በደመወዝ ላይ ግን ዝምታ ሲነቅዝ አይቻለሁ። ስትለቅ በእሷ ቦታ ሁለት ሰው ቀጠርን፤ ለእያንዳንዳቸውም ከእሷ በላይ ከፈልን። ቀድሜ መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

---

ታታሪው

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ በግልጽ የነገረኝ ሰው የለም። ያቺ ልጅ እኔን ሆና ታየችኝ።

---

ነጭ ጋወን

በሌላ በኩል ልግባ። ሐኪም ነኝ። እኛ ዘንድ ዋናው ነገር በር ነው።

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በየጊዜው የሚያወጣውን የሙያ ደመወዝ ዝርዝር ብታዩ፣ ከላይ ያሉት ቦታዎች በአብዛኛው የሐኪሞች ናቸው። ቀዶ ሐኪም፣ የማደንዘዣ ሐኪም፣ የልብ ሐኪም። ለበርካታዎቹ በ2023 የሰፈረው መካከለኛ ደመወዝ «239,200 ዶላርና ከዚያ በላይ» ይላል። ቢሮው ከዚያ በላይ ያለውን በቁጥር አይገልጽም።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሐኪም ሌሊት ስለሚሠራ አይደለም። የጥበቃ ሠራተኛም ሌሊት ይሠራል። በሩ ጠባብ ስለሆነ ነው። እዚያው አገር የአንጎል ቀዶ ሐኪም ለመሆን 4 ዓመት ኮሌጅ፣ 4 ዓመት የሕክምና ትምህርት፣ ከዚያ 7 ዓመት የስፔሻሊቲ ሥልጠና ይጠይቃል። የሥልጠና ቦታው ቁጥር ደግሞ የተወሰነ ነው። ፈላጊው ቢበዛም ቦታው በአንድ ሌሊት አይሰፋም። የበረራ ተቆጣጣሪዎችም እንደዚሁ ናቸው። በአሜሪካ ከ31 ዓመት በፊት ካልተቀጠርክ በአብዛኛው አትገባም፤ በ56 ደግሞ ትወጣለህ። ፈተናው ከባድ፣ ሥልጠናው ረጅም፣ ስህተቱ የሰው ሕይወት ነው። ክፍያውም ጥሩ ነው።

ስለ በሩ ዋጋ ግን ብዙ አይወራም። ዕድሜ እኩዮቼ ቤት ሲሠሩ፣ ሲያገቡ፣ እኔ በ34 ዓመቴ ገና ተማሪ ነበርኩ። የአባቴ ሕመም ሲጠና ለፈተና እየተዘጋጀሁ ነበር። ደርሼ አላስታመምኩትም። ገቢው አሁን መጥቷል፤ ያ ጊዜ ግን በምንም አይመለስም።

ሌላም ነገር አለ። በሁለት አገር ሠርቻለሁ። እጄ ያው እጅ ነው፣ ዕውቀቴም ያው። ገቢዬ ግን ከሰባት እጥፍ በላይ ተለያየ። ብራንኮ ሚላኖቪች የሚባለው የኢኮኖሚ ምሁር በዓለም ላይ ካለው የሰዎች የገቢ ልዩነት ከግማሽ በላዩ የሚገለጸው በምትኖርበት አገር ነው ብሎ በጥናት አሳይቷል። በራሴ ሕይወት ስላየሁት ለማመን አልተቸገርኩም።

---

ጠበቃዋ

ዶክተር፣ የአባትህ ነገር ልቤን ነካው። ነፍሱን ይማር።

እኔ ስለ ሙያዬ ልናገር፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሙያውን ከመረጠ ጨዋታው ያለቀ ይመስለዋል። የአሜሪካ የሕግ ምሩቃን የመጀመሪያ ደመወዝ በግራፍ ሲሳል አንድ ጉብታ የለውም፤ ሁለት ጉብታ አለው። ከ2000 ምሩቃን ጀምሮ እንደዚያ ነው። አንዱ ጉብታ ታች ነው፤ ብዙው ሰው ያለው እዚያ ነው። ሁለተኛው እጅግ ርቆ ነው የሚገኘው፤ እሱ የትልልቆቹ ቢሮዎች ነው። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በእነዚህ ቢሮዎች የአንደኛ ዓመት ጠበቃ 225,000 ዶላር ይጀምራል። መሐል ላይ ሸለቆ ነው። «የጠበቃ አማካይ ደመወዝ» የሚባለው ቁጥር ማንም የማያገኘው ደመወዝ ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ የሙያው ስም ብቻ ምንም አይነግርህም። ጥያቄው የትኛው በር፣ የማን ጉዳይ የሚለው ነው። አንድ ውል ላይ የሚሠራ ጠበቃ ውሉ ቢሊዮን ዶላር ሲሆንና መቶ ሺህ ሲሆን የሚለፋው ልፋት ያን ያህል አይለያይም። ደንበኛው ስህተትን ለማስቀረት ለመክፈል ፈቃደኛ የሚሆነው ግን በጣም ይለያያል።

እኔ ትልቅ ቢሮ ውስጥ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ ሥርዓቱ ወይ ወደ ላይ ታድጋለህ ወይ ትለቃለህ ነው። ጥቂቱ ሸሪክ ሆኖ የትርፍ ተካፋይ ይሆናል፣ ሌላው በየጊዜው ይቀንሳል። ላዚር እና ሮዘን (ቁጥር ወዳድ የጠቀሰችው ያው ሮዘን) በ1981 ይህን ከውድድር ጋር አመሳስለውታል። የላይኛው ወንበር ክፍያ እንዲህ የሚጋነነው እላይ የተቀመጠው ሰው ያን ያህል ስለሚያወጣ ብቻ አይደለም። ታች ያሉት ሁሉ እሱን እያዩ እንዲሮጡም ነው። እኔም ሮጥኩ። በስድስተኛው ዓመት «ሸሪክ አትሆኚም» ተባልኩ። በ10 ደቂቃ ስብሰባ ነው የተነገረኝ። ለወራት ከቤት አልወጣሁም። አሁን በአንድ ድርጅት የውስጥ ጠበቃ ነኝ፤ በጥሩ ደመወዝና በሰው ሰዓት። ግን ያ ሽልማት ለምን ያን ያህል ትልቅ እንደሆነ ቀድሜ ገብቶኝ ቢሆን ኖሮ ራሴን እንደዚያ አልወቅስም ነበር።

---

ባለ ኮድ

ሁላችሁም የጻፋችሁት ደስ ይላል። የቀረው ድርሻ ነው። በእኔ ዕይታ ጥሩ ደመወዝን በጣም ከፍ ካለ ገቢ የሚለየው ይሄ ነው።

በ2005 ዴቪድ ቾ የሚባል ሠዓሊ የፌስቡክን ቢሮ ግድግዳ እንዲሥል ተጠራ። ጥሬ ገንዘብ ወይስ አክሲዮን ሲባል አክሲዮን አለ። የድርጅቱ አክሲዮን በ2012 ለሕዝብ ገበያ ሲቀርብ ድርሻው 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣል ተብሎ ተገመተ። ለግድግዳ ሥዕል ነው! ነገሩ አዲስ አይደለም። ተዋናዩ ጄምስ ስቱዋርት በ1950 ዩኒቨርሳል ከሚባለው ስቱዲዮ ጋር ሲዋዋል፣ ወኪሉ ሊው ዋሰርማን በደመወዝ ፈንታ የትርፍ ድርሻ እንዲወስድ አደረገው። ከዚያ በኋላ ብዙ ትልልቅ ተዋንያን በዚያ መንገድ መደራደር ጀመሩ። አልፍሬድ ዊንስሎው ጆንስም በ1949 ባቋቋመው ፈንድ የሰዎችን ገንዘብ ሰብስቦ ሲያንቀሳቅስ ከትርፉ 20 በመቶ የመውሰድን መንገድ ጀመረ። ብዙ የፈንድ አስተዳዳሪዎች ከትርፉ 20 በመቶ ገደማ የሚወስዱበት ውል ከዚያ የመጣ ነው። አንድ ሚሊዮን ስታስተዳድርና አንድ ቢሊዮን ስታስተዳድር የቀንህ ሰዓት አይጨምርም። 20 በመቶው ግን ሺህ እጥፍ ይሆናል።

የሁሉም ነገር አንድ ነው። ገቢያቸው ከጊዜያቸው ተላቆ ከሌላ ከሚያድግ ነገር ጋር ታሰረ።

የእኔ ታሪክ ደግሞ ሁለት መልክ አለው። የመጀመሪያው ድርጅት «ደመወዝህ ዝቅ ይላል፣ አክሲዮኑ ግን...» ብሎ ወሰደኝ። ሦስት ዓመት ሠራሁ። ድርጅቱ ተዘጋ። አክሲዮኔ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ሁለተኛው አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ትልቅ ድርጅት ነው። የአክሲዮን ድርሻው በ4 ዓመት ተከፋፍሎ የሚሰጥ ነበር፤ የመጀመሪያው ዓመት ሳይሞላ ከወጣህ ምንም የለም። በሦስት ዓመት ውስጥ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆነ። በሁለቱም ቦታ ያው ሰው ነበርኩ። በመጀመሪያው እንዲያውም ይበልጥ ለፍቻለሁ።

---

ጥርጣሬ

ባለ ኮድ መጨረሻ ላይ ያላትን ነገር በደንብ ያዙልኝ። ሁላችሁም ስለ በር፣ ስለ ድርሻ፣ ስለ ቦታ ጽፋችኋል። ማን በሩ አጠገብ እንደሚወለድ ግን ማንም አልጻፈም።

የኢኮኖሚ ምሁሩ ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የፈጠራ ባለመብቶችን ከልጅነታቸው ጀምረው አጠኑ። በገቢ ከላይኛው 1 በመቶ ቤተሰብ የተወለደ ልጅ ከመካከለኛው በታች ካለው ቤተሰብ ከተወለደው ይልቅ ፈጣሪ የመሆን ዕድሉ 10 እጥፍ ነው። በትንሽነታቸው በሒሳብ ፈተና እኩል ያመጡ ልጆች መካከል እንኳ ልዩነቱ ይቀራል። ካናዳ ውስጥ ደግሞ ኢኮኖሚው በወደቀበት ዓመት የተመረቁ ተማሪዎች ሲጀምሩ 9 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው የሚያገኙት። ክፍተቱ እስኪዘጋ ወደ 10 ዓመት ይፈጃል። ምን አጠፉ? የተወለዱበት ዓመት ነው ጥፋታቸው።

ታታሪው ራሱን እንዳይወቅስ ብዬ ነው ይህን የምለው። ያጣኸው ሁሉ በስንፍናህ አይደለም። ጓደኛህ ያገኘውም ሁሉ በብልጠቱ አይደለም።

---

ቁጥር ወዳድ

ጥርጣሬ፣ በሙሉ እስማማለሁ። ግን አንድ በእጃችን ያለ ነገር አለ፤ እሱም ሰው ነው።

የኅብረተሰብ ጥናት ምሁሩ ማርክ ግራኖቬተር ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን ሲጠይቅ፣ ከግማሽ በላዩ ሥራውን ያገኘው በሚያውቀው ሰው በኩል ነበር። ያ ሰው ግን የቅርብ ጓደኛ ሆኖ የተገኘው በጥቂቱ ብቻ ነው። በጣም የሚበዛው አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነው። የድሮ ባልደረባ፣ አንድ ጊዜ ሥልጠና ላይ የተዋወቁት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቅርብ ጓደኛህ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህ። የሩቁ ሰው ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ነው ያለው። በ2022 ውጤቱ የታተመ፣ ከ20 ሚሊዮን በላይ የሊንክድኢን (ባለሙያዎች የሚገናኙበት ድረ ገጽ) ተጠቃሚዎችን ያካተተ ሙከራም ይህንኑ አጠናክሮታል፤ በተለይ መጠነኛ ትውውቅ ያላቸው ሰዎች የበለጠ ይጠቅማሉ።

ታታሪው፣ በ9 ዓመት ውስጥ ከእናንተ መሥሪያ ቤት ስንት ሰው ለቀቀ? እነሱ ሁሉ በሮች ናቸው።

---

የሁለት ልጆች እናት

ትንሽ ዘግይቼ ነው የመጣሁት። ሁሉንም አነበብኩ። አንድ ነገር የቀረ መሰለኝ፤ ያ ገቢ ከቤት ውስጥ ከማን ላይ እንደሚወጣ።

በ2023 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ክላውዲያ ጎልዲን አንዳንድ ሥራዎችን ስግብግብ ትላቸዋለች። ሰዓት እጥፍ ብትሰጣቸው ከእጥፍ በላይ ይከፍሉሃል። ግን ጊዜህን ሁሉ ይፈልጋሉ። ቅዳሜ ማታም፣ ልጅ ሲታመምም፣ ስልኩ ሲጮኽ ማንሳት አለብህ። ደንበኛው የሚፈልገው አንተን ራስህን ስለሆነ ሌላ ሰው አይተካህም። ባልና ሚስት ሁለቱም እንዲህ ያለ ሥራ ይዘው ልጅ ማሳደግ አይችሉም። አንዱ ይለቃል። ብዙውን ጊዜ የምትለቀው ሴቷ ናት።

በእኛም ቤት የሆነው እሱ ነው። ባለቤቴ በኢንቨስትመንት ሥራ ላይ ነው። እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ጎልዲን የእኔን ሙያ በሌላ ወገን ምሳሌ አድርጋ ታነሳዋለች። የበሽተኛው መረጃ በኮምፒውተር ላይ ስላለ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትቀጥላለች። ግማሽ ቀን ብሠራ ግማሹን አገኛለሁ፤ በሰዓት የሚከፈለኝ አይቀንስም። ፍትሐዊ ሥራ ነው። ጣሪያው ግን ቅርብ ነው።

ባለቤቴ ያን ገቢ የሚያገኘው ልጆቹን ከትምህርት ቤት የማመጣው እኔ ስለሆንኩ ነው። እሱም ይህን ያውቃል፣ ይናገራልም። ግን የደመወዝ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም አንድ ነው። እነዚያን ትልልቅ ቁጥሮች ስታዩ ከጀርባቸው ማን ቆሞ እንዳለ አብራችሁ እዩልኝ።

---

ሻጭ ነኝ

እናቴ፣ ይህን ለባለቤቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና «በደንብ ጽፋዋለች» አለች።

---

ታታሪው

በሦስት ቀን ውስጥ ይህን ሁሉ ትጽፉልኛላችሁ ብዬ አላሰብኩም። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ጓደኛዬን ደውዬ ጠየቅኩት። ምን እንዳደረገ ነገረኝ። መጀመሪያ የሄደበት ቦታ ጭማሪው ብዙ አልነበረም። ግን የዋጋ ተመን የሚወስን ቡድን ውስጥ ነው የገባው። የሚሠራው ትንተና የእኔው ዓይነት ነው። የሱ ቁጥር ግን በማግሥቱ የዕቃው ዋጋ ላይ ይታያል። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የድሮ ባልደረባ ወደ ሌላ ድርጅት ጠራው፤ እዚያ ደመወዝም አክሲዮንም አገኘ። በር፣ ቦታ፣ ድርሻ፣ የሩቅ ሰው ያላችሁት ሁሉ አለበት። ዕድልም አለበት፤ እሱ ከገባ በኋላ ያ ቡድን ለአንድ ዓመት ሰው መቅጠር አቁሞ ነበር።

እኔም ለሦስት የድሮ ባልደረቦቼ ጻፍኩ። ሁለቱ መለሱ። አንዷ የምትሠራበት ድርጅት ለዋጋ ተመን ክፍል ሰው እየፈለገ ነው። ሐሙስ ቃለ መጠይቅ አለኝ። ከባለቤቴ ጋርም ተቀምጠን ስለ ሰዓቱ ተነጋገርን። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ የማልሠራባቸው ሁለት ቀናት በሳምንት እንዲኖሩ ተስማምተናል፤ እነሱ ካልተቀበሉት አልገባም።

የምፈራው አንድ ጥያቄ ነው። «አሁን ስንት ነው የምታገኘው?» ቢሉኝ ምን ልበል? እውነቱን ከነገርኳቸው እዚያችው ላይ ትንሽ ጨምረው የሚቀጥሩኝ ይመስለኛል።

---

ጡረተኛው

ልጄ፣ ፍርሃትህ ትክክል ነው። ያደርጉታል፤ እኛም እናደርግ ነበር። በዚህ ምክንያት ጥያቄውን በሕግ የከለከሉ ቦታዎች አሉ፤ ካሊፎርኒያ ከ2018 ጀምሮ ቀጣሪ የቀድሞ ደመወዝ እንዳይጠይቅ አድርጋለች። አንተ ባለህበት ሕጉ ከሌለ እንዳትዋሽ፤ ውሸት ከተገኘ ሥራውንም ስምህንም ታጣለህ። እንዲህ በል፦ «የአሁኑ ሥራዬ ከዚህኛው ስለሚለይ ንጽጽሩ አይረዳችሁም። ለዚህ ቦታ የያዛችሁት ከስንት እስከ ስንት ነው?» ከዚያ ዝም በል። ዝምታው ይከብድሃል፤ ቢሆንም መጀመሪያ ቁጥር የሚጠራው እነሱ ይሁኑ። የተስማማችሁበትን ሁሉ በጽሑፍ ተቀበል። የሁለቱን ምሽቶች ነገርም እዚያው ውሉ ውስጥ አስገባው። ኃላፊው ሲቀየር በቃል የተባለ ነገር አብሮ ይሄዳል።

---

ባለ ኮድ

አክሲዮን ከሰጡህ «10,000 አክሲዮን» ብቻ ሲሉህ ዝም እንዳትል። ጠቅላላው ስንት ነው ብለህ ጠይቅ። ከ1 ሚሊዮን ውስጥ 10,000 ማለት 1 በመቶ ነው፤ ከ1 ቢሊዮን ውስጥ ግን ምንም አይደለም። በስንት ዓመት እንደሚከፋፈልና ብትለቅ ምን እንደሚሆንም ጠይቅ። የድርጅቱ አክሲዮን በገበያ የሚሸጥ ካልሆነ፣ ደመወዙ ብቻውን የሚያኖርህ መሆኑን አረጋግጥ። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ከእነዚህ አንዱንም አልጠየቅኩም።

---

ታታሪው

ጥያቄዎቹን በወረቀት ጻፍኳቸው። ጋሼ፣ የእርስዎንም ቃል በቃል ነው የጻፍኩት፤ ትናንት ማታ ባለቤቴ ቀጣሪ ሆና ስትጠይቀኝ ተለማመድኩት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜ ዝምታው አሸንፎኝ ቁጥር ጠራሁ። በሦስተኛው ቻልኩ። ሐሙስ ማታ የሆነውን እዚሁ መጥቼ እጽፋለሁ።